ሞተር ከጠፋ በኋላ በመሥመር ውስጥ የሚያድር ግፊት



የመስቀል በዓል በተቃረበ ቁጥር ወልቂጤና ቡታጅራ የመኪና ከተሞች ይሆናሉ። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በንግድና በልዩ ልዩ ሙያ ተሠማርቶ የከረመው የጉራጌ ተወላጅ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚመለስ፣ በጅማ መሥመር 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ወልቂጤ፣ በዓለም ገናና በጢያ በኩል ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ቡታጅራ የሚጎርፈው ተሽከርካሪ ከሌላው ወቅት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ቡታጅራ አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ብትሆንም፣ ሁለቱ ከተሞች በበዓሉ ሰሞን የሚገጥማቸው ጭንቅ አንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ በከተማ አስፋልት ላይ ሲሽከረከር የቆየው አውቶሞቢል ከነሕፃናቱና ከነጓዙ ዳገትና ቁልቁለት፣ አቧራና ጭቃ ሲገጥመው ከየጋራዡ ደጅ ይሰለፋል። ባለቤቱ ይቸኩላል፤ መካኒኩም ከባለቤቱ ይበልጥ ይቸኩላል።

በዚህ ጥድፊያ መካከል በየጋራዡ የሚፈጸም አንድ ተግባር አለ። ይኸውም የነዳጅ ማጣሪያ ለመለወጥ፣ ኢንጀክተር ለማጠብ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ለመተካት ሲባል የነዳጅ መሥመርን መፍታት ነው። ሥራው ለዓይን ቀላል ነው፤ ዳዶው ይላላል፣ ቱቦው ይወጣል። ነገር ግን ሞተሩ ከጠፋ ብዙ ሰዓት ያለፈው መኪና እንኳ በመሥመሩ ውስጥ የታፈነ ግፊት ይዞ ሊያድር እንደሚችል ያልተገነዘበ ሰው ዳዶውን ያላላ እንደሆነ፣ ቤንዚኑ እንደ ጭጋግ እየተረጨ ፊቱንና ዓይኑን፣ ደረቱንና እጁን፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገና ያልበረደውን የጢስ መሰብሰቢያ ብረት ያርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር የዕድል ጉዳይ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ነገሩ ለዕድል እንዳይተው የሚያደርገውን የሩብ ሰዓት ሥራ ማስረዳት ነው።

የጋራዥ ቋንቋ የሙያውን ታሪክ ይናገራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፖምፓ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ገብተው አማርኛ የሆኑ ናቸው። የዓለም ገና፣ የቡታጅራና የወላይታ ሶዶ መንገድ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሕዝብ መዋጮ ጭምር ሲቆረጥ፣ በዚያ መንገድ የሚመላለሱት መኪናዎች ቤንዚን የሚጠጡት በካርቡሬተር፣ ናፍጣ የሚጠጡት ደግሞ በሜካኒካዊ ፖምፓ ነበር። መካኒኩም ሙያውን ከአለቃው በዓይንና በእጅ ተማረ። በካርቡሬተር መኪና የነዳጅ ፖምፓው የሚሰጠው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ቢሆን ነው። ቱቦው ሲወልቅ ጥቂት ቤንዚን ይንጠባጠባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ሥራው ይቀጥላል። የኮሮላ ዲኤክስ ባለቤት የነበረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ለዚያ ዘመን መኪና የተፈጠረው ልማድ በዚያ ዘመን ትክክል ነበር ለማለት ይቻላል። ችግሩ ልማዱ በቦታው ቀርቶ መኪናው መለወጡ ነው። ካንዴላና ዳዶ በየአፉ ሲገኙ፣ ሞተር ከጠፋ በኋላ በመሥመር ውስጥ ለሚቀረው ግፊት ግን ጋራዡ ገና የራሱን ቃል አላወጣም። ስም ያልወጣለትን ነገር መፍራት ደግሞ ለማንም አስቸጋሪ ነው።

ዛሬ በሁለቱም ከተሞች ጎዳና ላይ በብዛት የሚታየው ቪትዝና ያሪስ፣ እንዲሁም ከእነዚህ ወገን የሆነው ሁሉ፣ ቤንዚኑን የሚያገኘው በኢንጀክተር ነው። ፖምፓው በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ተጠምቆ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ወደ ሞተሩ የሚልከውም ነዳጅ ከ3 እስከ 3.5 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ይህን ቁጥር ለመረዳት የጎሚስታውን መለኪያ ማስታወስ ይበቃል። የአንድ አውቶሞቢል ጎማ የሚነፋው 2 ባር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ ግፊት ነው። እንግዲህ በዚያ እንደ ትንሽ ጣት በቀጠነ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማው ይበልጣል ማለት ነው። የተነፋ ጎማ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ፊቱን የሚያስጠጋ ሰው የለም፤ የነዳጅ ቱቦ ላይ ግን በየቀኑ ይደረጋል። ፈሳሽ እንደ አየር የሚታመቅ ባለመሆኑ የሚረጨው መጠን ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ከተፈናጠረ በኋላ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። ይሁን እንጂ ዓይንን ለመጉዳት ወይም የጋለ ብረት አግኝቶ ለመንደድ ከአንድ የቡና ስኒ ያነሰ ቤንዚን ከበቂ በላይ ነው።

ግፊቱ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚቆየው በስሕተት አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። በፖምፓው ላይ ነዳጁን ወደፊት አሳልፎ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አለ። መሥመሩ ባዶ ሆኖ ቢያድር ሞተሩ ማለዳ ለመነሣት ይቸገራል። ከዚህም ሌላ ሞተሩ እንደ ጋለ ሲቆም፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ግፊት ካላፈነው ይተንና መሥመሩን በእንፋሎት ይሞላዋል። ስለዚህ ጥሩ ቫልቭ ያለው መኪና፣ ማለትም ጤነኛው መኪና፣ ግፊቱን ለሰዓታት ይዞ ይቆያል። «ከትናንት ጀምሮ የቆመ ስለሆነ ምንም የለበትም» የሚለው አነጋገር እንግዲህ መሠረት የለውም። እንዲያውም ለባለቤቱ መልካም ዜና የሆነው ነገር ለሚፈታው ሰው አደጋ ነው።

የአካባቢው አቀማመጥም የራሱን ይጨምራል። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ የሚያህል ስለሆነ፣ ቤንዚን ከቆላ ይልቅ ፈጥኖ ይተናል። ከጅማ አቅጣጫ መጥቶ በጊቤ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ አልፎ ወደ ወልቂጤ የሚወጣ፣ ወይም ከዝዋይ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ የሚያቀና መኪና፣ የታንኩ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ የታችኛውን አገር አየርና የጋለ እንፋሎት አፍኖ ይደርሳል። ክዳኑ ሲከፈት የሚሰማው የ«ፍሽሽ» ድምፅ ምንጩ ይህ ነው። ይህ የታንኩ ግፊት ከመሥመሩ ግፊት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ቢሆንም፣ ቱቦው በሚፈታበት ጊዜ ቤንዚኑን ሳያቋርጥ ሊገፋው ስለሚችል ለየብቻው መታሰብ ይገባዋል።

የማስወገጃው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በቅድሚያ ሞተሩ ይበርዳል። ይህ ትእዛዝ ለመናገር ቀላል፣ በመስቀል ዋዜማ ለመፈጸም ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። መኪናው አየር በሚገባበት ቦታ ይቆማል፣ የታንኩ ክዳን ተከፍቶ የታፈነው እንፋሎት ይወጣል። ቀጥሎ የፖምፓው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ሞተሩም ተነሥቶ በመሥመሩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ አቃጥሎ እስኪጨርስ በዝግታ ይሠራል። ጥቂት ቆይቶ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ሰኮንዶች እንደገና ለማስነሣት ይሞከራል። ካልተነሣ ግፊቱ ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ ቁልፉ ይዘጋል፣ የባትሪውም ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። የባትሪው ገመድ የሚፈታበት ጊዜ ይህ ነው፤ ነዳጅ ከፈሰሰ በኋላ ገመዱን መነካካት ብልጭታ መጋበዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ መካኒክ የሚያሳስት አንድ ነገር አለና ቆም ማለት ያስፈልጋል። የፖምፓውን ኤሌክትሪክ ለማቋረጥ የሚቀርበው መንገድ በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ኢ.ኤፍ.አይ. ተብሎ የተጻፈበትን ፊውዝ መንቀል ይመስላል። ይሁን እንጂ በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ይህ ፊውዝ የሚመግበው ፖምፓውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን የሚያዝዘውን ኮምፒዩተር ጭምር ነው። እርሱ ሲነቀል ሞተሩ ያን ጊዜውኑ ይጠፋል፤ የጠፋው ግን ነዳጅ አልቆበት ሳይሆን ኢንጀክተሮቹ መከፈት ስላቆሙ ነው። ግፊቱ እንዳለ ነው። መካኒኩ ሥርዓቱን የፈጸመ መስሎት ተዝናንቶ ዳዶውን ያላላል፤ ከማያውቀው ይልቅ ይኸኛው ይበልጥ ይጎዳል፣ ምክንያቱም መጠንቀቁን ትቷልና። መለያው ቀላል ነው፦ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ቀስ ብሎ ከሞተ ነዳጅ ጨርሷል፤ እንደ መብራት ቅጽበት ሳይሞላ ከጠፋ ግን የተነቀለው ሌላ ነገር ነው። በቪትዝና በመሰሎቹ አስተማማኙ መንገድ የኋላውን መቀመጫ አንሥቶ፣ ከሥሩ ያለውን ክዳን ከፍቶ፣ የፖምፓውን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ራሱን መንቀል ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሞተሩ ጨርሶ የማይነሣ ሲሆንስ? ወደ ጋራዥ ተጎትቶ የሚመጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንድ መኪኖች ኢንጀክተሮቹ በሚደረደሩበት ቱቦ ላይ የጎማ ቫልቭ የመሰለ መፈተሻ አላቸው፤ ግፊት መለኪያው በዚያ ይታሰርና ነዳጁ በመለኪያው ማስተንፈሻ በኩል በቀጭን ቱቦ ወደ ዕቃ ይለቀቃል። መፈተሻ በሌለው መኪና የሚቀረው አማራጭ መጋጠሚያውን በወፍራም ደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ ፊትን ከመጋጠሚያው አቅጣጫ ዘወር አድርጎ፣ ዳዶውን በሩብ ዙር ያህል ብቻ አላልቶ መጠበቅ ነው። የሹክሹክታ ያህል ድምፅ ይሰማል፣ ጨርቁ ይርሳል። ድምፁ ካቆመ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ተጨማሪ ዙር አይሰጥም። ጨርቁ ግፊቱ በሞተሩ ነዳጅ አቃጣይነት በተወገደበትም ጊዜ ቢሆን አይቀርም፤ ጥቂት ነዳጅ ምን ጊዜም ይተርፋል።

ቤንዚን የሚቀጣጠል እንፋሎት ለመስጠት ሙቀት አይፈልግም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ይተናል። እንፋሎቱም ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፣ መሬት ለመሬት ይሳባል። በመኪና ሥር የሚቆፈረው የመፈተሻ ጉድጓድ ለዚህ እንፋሎት እንደ ገንዳ ነው፤ መካኒኩም የሚቆመው በዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ የነዳጅ መሥመር በጉድጓድ ላይ ባይፈታ ይመረጣል። በአካባቢው እንደ ልማድ መካኒኩ፣ የቦዲ ሠራተኛውና ብየዳው በአንድ ግቢ ስለሚሠሩ፣ አንዱ ቤንዚን ሲያፈስ ሌላው በአሥር ርምጃ ርቀት ብረት ሲቆርጥ ይታያል። ለሠራተኞቹ ቡና የምታፈላው እናት የከሰል ምድጃም ከዚሁ ይቆጠራል። ማንም ቡናውን ይከልከል የሚል የለም፤ ምድጃው ግን ነፋሱ ወደ መኪናው በማይነፍስበት በኩል ይሁን። የእጅ መብራቱም ባለ አምፑል ከሆነና አምፑሉ ቤንዚን ነክቶት ቢፈነዳ ውስጡ ያለው የጋለ ክር እሳት ለመለኮስ ይበቃል፤ ዛሬ በርካሽ የሚገኘው በባትሪ የሚሠራው መብራት ይሻላል። የዱቄት እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ አሸዋ እጅ በሚደርስበት መቀመጥ አለባቸው። ውኃ የቤንዚንን እሳት ያንሳፍፈዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሚወጣው ነዳጅ በክዳን የሚዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ይጠራቀም። አፉ በተቆረጠ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በቤንዚን እጅ መታጠብ፣ ነዳጅን በቱቦ በአፍ መሳብ የተለመዱ ናቸው። በተለይ የመጨረሻው፣ ጥቂት ቤንዚን እንኳ ወደ ሳንባ ከወረደ ብርቱ የሳንባ ብግነት የሚያስከትል ስለሆነ፣ በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም።

ባጃጅ ከላይ በተነገረው ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል። ነዳጁ ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነውና ቧንቧውን መዝጋት ይበቃል፤ የእሳቱ ጥንቃቄ ግን ያው ነው።

የናፍጣው ነገር ሌላ ነው፤ በአሳሳቢነቱም ከቤንዚኑ ይበልጣል። የቀድሞው አይሱዙና «ዶልፊን» ሜካኒካዊ ፖምፓ ስላላቸው፣ መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦዎችን ዳዶ በየተራ እያላላ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ይለያል። ዘዴው ከአለቃ ወደ ረዳት ሲወርድ የኖረና የሚያኮራ ዕውቀት ነበር። ኮመን ሬል የተባለው ሥርዓት ባላቸው በአዲሶቹ ሃይሉክሶችና በ«አባዱላ» ወገን በርካቶች ላይ ግን ይህንኑ መሞከር ራስን ለሞት መስጠት ነው። በእነዚህ ሞተሮች የናፍጣው ግፊት ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ እንኳ 300 ባር ገደማ ሲሆን፣ በጭነት ጊዜ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሞተሩ እየሠራ ምንም ዓይነት ዳዶ አይነካም፤ ከጠፋም በኋላ በአምራቹ መመሪያ የተወሰነው ደቂቃ እስኪያልፍ ይጠበቃል። የሚያፈስበትን ቦታ በጣት ዳብሶ መፈለግም እንዲሁ የተከለከለ ነው። ካርቶን ከሩቅ ተይዞ ሲቀርብለት የሚረጥበው ቦታ ይታያል።

ጣት የማይፈቀድበት ምክንያት ሊብራራ ይገባዋል። ፈሳሽ ቆዳን በስቶ ለመግባት 7 ባር ያህል ግፊት ሊበቃው እንደሚችል የሕክምና ጽሑፎች ያስረዳሉ፤ የኮመን ሬሉ ግፊት ከዚህ በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ነው። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሆነ፣ በመጀመሪያውም ሰዓት እምብዛም ስለማያም፣ የተጎዳው ሰው እጁን ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ከውስጥ ግን ናፍጣው በጅማቶቹ ሥር ተሰራጭቶ ሥጋውን እየገደለ ይሄዳል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልታጠበ ጣት፣ አንዳንዴም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሕመም ይኑረው አይኑረው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ፣ እዚያም ሲደርስ «መርፌ ወጋኝ» ሳይሆን «በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ ወደ እጄ ገብቷል» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። ሐኪሙ ቁስሉን ብቻ አይቶ በፕላስተር ሊሸኘው ይችላልና።

አሁን ይህ ሁሉ ማንን እንደሚመለከት ማየት ተገቢ ነው። በጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር በጀርባው ተንጋልሎ የመጀመሪያውን ዳዶ የሚያላላው አብዛኛውን ጊዜ አለቃው አይደለም፤ ረዳቱ ነው። ዕድሜው ትንሽ ነው፣ የዓይን መከላከያ የለውም፣ «ቶሎ በል» ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም። ፊቱ ወደ ላይ የዞረ ነውና የሚረጨው ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። አለቃው ሥርዓቱን ካላሳየው ከሌላ አይማረውም። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጠው ትምህርት ይህን ቢያካትትም፣ ረዳቱ ገና በልጅነቱ ወደ ጋራዥ የገባ እንደሆነ ኮሌጁን ሳያይ መካኒክ ይሆናል።

ጉዳዩ በጊዜ ብዛት የሚቀልም አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ በቀስ ቢበዛም፣ በአገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ተተኪ ስለማይገኝለት በጥገና ላይ ጥገና እየተደረገለት መኖሩ አይቀርም። የላስቲክ ቱቦው ይደርቃል፣ የላስቲክ መጋጠሚያው ይሰባበራል፣ ማጣሪያው በተደጋጋሚ ይለወጣል። ወልቂጤና ቡታጅራ ደግሞ መኪናውን አዲስ ሆኖ ሳይሆን አርጅቶ የሚቀበሉ ከተሞች ናቸው።

የዋጋው ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። ባለ መኪናው የሚከፍለው ለማጣሪያው መለወጫ ነው፤ ሞተሩ እስኪበርድ ለሚጠበቅበት ሰዓት የሚከፍል የለም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም መኪናውን ማለዳ ተቀብሎ ሲበርድ ሌላ ሥራ መሥራት፣ ወይም የነዳጅ መሥመር ሥራዎችን ሁሉ ለቀኑ መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ አንድ ጋራዥ ያለ አንዳች ወጪ ሊያደርገው የሚችል አደረጃጀት ነው።

ሥራው ካበቃ በኋላ ግፊቱ ወደ መሥመሩ የሚመለሰው እንዲሁ በጥንቃቄ ነው። በመጋጠሚያው ብሎን ግራና ቀኝ የሚገቡት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበቶች አንድ ጊዜ ከተጨፈለቁ ደግመው አያሽጉምና በአዲስ ይተካሉ፤ አሮጌውን በመዶሻ ቀጥቅጦ መመለስ ለጥቂት ሳንቲም ሲባል የሚሠራ ስሕተት ነው። የላስቲክ መጋጠሚያ ከሆነ እስኪጮህ ይገፋል፣ ከዚያም ወደኋላ ተስቦ መያዙ ይረጋገጣል። የፈሰሰው ነዳጅ ተጠርጎ፣ ጨርቁ ከግቢው ወጥቶ፣ እንፋሎቱ እስኪበን ከተጠበቀ በኋላ የፖምፓው መሰኪያ ይሰካል፣ የባትሪውም ገመድ ይታሰራል። ቁልፉ ሞተሩን ሳያስነሣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በብዙ መኪኖች ፖምፓው በየጊዜው ለሁለት ሰኮንድ ያህል እየሠራ መሥመሩን ይሞላል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው በቁልፉ፣ አንድ ሰው በመጋጠሚያው ዘንድ ሆኖ በባትሪ መብራት ይመለከታል። ሞተሩ የሚነሣው መጋጠሚያው ደረቅ መሆኑ ከታየ በኋላ ነው፤ ከተነሣም በኋላ እንደገና ይታያል፣ ጠፍቶም አንድ ጊዜ ይታያል። ከዚያ ኮፈኑ ይዘጋል።